የተራበ አጥንት

ሑስና ከሞተች በኋላም እጆቿ አልተፈቱም ነበር። አውራ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ገብተዋል፤ ሌሎቹ ጣቶቿ ቀጥ ብለው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ዶክተር ቢኒያም አንሶላውን ገልጦ አያቸው። አንገቷ ላይ ያለው ስፌት ግን ቀጭንና ንጹሕ ነበር። ያን ስፌት የሰፋው እሱ ነው፤ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በዚሁ የአዳማ ሆስፒታል፣ ከድንገተኛ ክፍሉ በላይ ባለው ፎቅ።

«ስትመጣ ትተነፍስ ነበር» አለች ሲስተር ኤቢሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደም ለምርመራ ወሰድን፤ ካልሲየም በደም ሥር ጀመርንላት። ግን ልቧ አልጠበቀንም።»

የምርመራውን ወረቀት ሰጠችው። እንዲህ የወደቀ ካልሲየም ገና ከሚተነፍስ ሰው ሲወጣ አይቶ አያውቅም።

የፓራታይሮይድ እጢዎች አራት ናቸው። የሩዝ ፍሬ ያህላሉ፤ እንቅርት ከሚያብጥበት ከታይሮይድ እጢ ጀርባ ተሸሽገው የደምን ካልሲየም ይመጥናሉ። የሑስና አንደኛው እጢ አብጦ ለዓመታት አጥንቷን ሲሰረስር ኖሯል። ቢኒያም ያንን አውጥቶ ሦስቱን ትቷል። በእርግጥ ትቷቸዋል? በዓይኑ አይቷቸዋል ወይስ ሊያያቸው ስለፈለገ ያየ መሰለው? ፖላንድ ሲማር ፕሮፌሰሩ ሁልጊዜ ከትከሻው ኋላ ይቆሙ ነበር። እዚህ ከኋላው የሚቆም የለም። ከተመለሰ ወዲህ በእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና ላይ አንድ ጊዜ ዞር የማለት ልማድ ነበረበት።

ኢንስፔክተር ዲንቄ ከቀትር በፊት ቢሮው ደረሰች። ወንጂ ተወልዳ ያደገች፣ ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ጥርሶቿ በስምጥ ሸለቆው ውሃ በልዘዋል፤ ብዙዎቹ የአካባቢዋ ሰዎች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ፤ እሷ ግን አትሸፍንም። ጉልበቷን ስለሚያማት ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቢኒያምንም በዕድሜ እናቱ ስለምትሆን ከመጀመሪያው አንተ አለችው።

«ሳሊህ የሚባል ሰው ከሶሃል። የሟች ባል ወንድም ነው። ‹ውጭ የተማረ ነው ብለን አምነን ብንሰጠው እጢዎቿን አንድ ሳያስቀር ቆርጦ ጣለ› ይላል። ጥለሃል?»

«አንዱን ብቻ ነው ያወጣሁት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነበርኩ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዛሬ ጠዋት።»

ዲንቄ አተኩራ አየችው። «እንዲህ የሚመልስ ተከሳሽ ገጥሞኝ አያውቅም። በል እንግዲህ፣ እንደ ጎረቤት አስረዳኝ።»

«አጥንቷ ለዓመታት ተዘርፏል» አለ ቢኒያም። «ሌባውን እጢ ስናወጣው አጥንቱ የተወሰደበትን ለመተካት ደሟ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ሁሉ መምጠጥ ይጀምራል። የተራበ አጥንት እንለዋለን። ስለዚህ ሦስቱ እጢዎች እስኪነቁ ድረስ ካልሲየም በብዛት እንሰጣታለን። በብርጭቆ ውሃ የሚሟሟ ትልልቅ ከኒና ነው፤ ከሱ ጋር ቫይታሚን ዲ።»

«ካልወሰደችስ?»

«ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ ጡንቻዋ ይኮማተራል። ከዚያ ልብ ይቆማል። ከሆስፒታል ስትወጣ ለቤተሰቡ ነግሬአቸዋለሁ፤ ‹ይህን መድኃኒት ካቋረጠች ትሞታለች› ብዬ።»

«ሳሊህም ነበረ?»

«ነበረ። ዛሬ ጠዋትም ባዶዎቹን የከኒና ቱቦዎች አምጥቶ አሳይቶናል። ሁሉንም ወስዳለች። መድኃኒቱን እየወሰደች እንዲህ ከወደቀባት ደግሞ እጢ አልቀረላትም ማለት ነው። እኔ ነኝ ማለት ነው።»

«ለማረጋገጥ መንገድ የለም?»

«ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለክትትል መጥታ ነበር፤ ካልሲየሟ ደህና ነበር። ያን ቀን የወሰድነውን ደም የእጢዎቹን ሆርሞን እንዲለኩልን አዲስ አበባ ልከናል። ዛሬ ይደውላሉ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፍቶታል። «ሆርሞኑ ከሌለ ሌላ ጥፋተኛ አይፈልጉ።»

«የምፈልገውንማ እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን ሌላ ምን አለችህ?»

«‹ጭጋጉ ተገፈፈልኝ› አለችኝ። ካልሲየም በደም ሲበዛ አእምሮንም ያደክማል። ለሦስት ዓመት ትረሳ፣ ትደናገር፣ በረባ ባልረባው ታለቅስ ነበር። ‹አሁን የሆነውን ሁሉ አንድ ባንድ አስታውሳለሁ› አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ዲንቄ አጠገባቸው ወደ ቆመችው ኤቢሴ ዞረች።

«አካም ጂርታ፣ ሲስተር? ከወጣች በኋላ ደውላልሽ ታውቃለች?»

ኤቢሴ ጣቶቿን አፍተለተለች። «አንድ ቀን ጠዋት ደውላልኝ ነበር። ‹ልጄ፣ የዛሬው አልፈላም፤ ልውሰደው?› አለችኝ። የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ መድኃኒት እንዳይወስዱበት ነግሬአቸው ስለነበር ‹እማማ፣ ካልፈላ የታሸገ ውሃ ያስገዙና በሱ ይውሰዱት› አልኳት። ‹እሺ› ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።»

«ስልክሽ ላይ አለ?»

ኤቢሴ ፈልጋ አሳየቻት። ዲንቄ ቀኑን አይታ ስልኩን መለሰችላት።

«ዶክተር፣ ተነሥ። ሟቿ ቤት እንሄዳለን። የሕክምናውን ነገር የሚፈታልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ አንተንም ከዓይኔ ማራቅ አልፈልግም።»

በባጃጅ ሲሄዱ ቢኒያም ስልኩን በእጁ እንደጨበጠ ነበር። ሊያመልጥ የሚችልበትን ሳይሆን ሊያምን የሚችልበትን ነገር ይፈልጋል። ፈቃዱን ቢቀሙት፣ ቢታሰር፣ ያ ሁሉ ያስፈራዋል፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራው ግን ሳሊህ እውነቱን ሊሆን መቻሉ ነው።

ግቢው በር ላይ ድንኳን ተተክሎ ሰው ተሰብስቧል። ሳሊህ ቀጭን፣ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ የሁለት ሚኒባሶች ባለቤት ነው። ቢኒያምን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ይህን ሰውዬ ወደ ልቅሶ ቤት ያመጡታል?» አለ። «ኢንስፔክተር፣ ሴትዮዋ ከዐስር ሶላት በፊት መቀበር አለባት። ሬሳውን ልቀቁልን።»

«እለቃለሁ። አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅና። መድኃኒቷን ማን ነበር የሚሰጣት?»

«መጀመሪያ ልጇ ሱሃይላ ነበረች። የእሷ ፈቃድ አልቆ ወደ ፋብሪካ ስትመለስ እኔ ተረከብኩ። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት፣ ማታ ስገባ። ወላሂ አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

«ከኒና ስትሸሽ አጋጥሞህ አያውቅም? የእኔ እናት ከምላሷ ሥር ደብቃ ትተፋው ነበር።»

«ሑስና እንዲያ አይደለችም። በእጇ እሰጣታለሁ፤ በውሃ ትውጣለች። ስትውጥ ሳላይ ከአጠገቧ አልነሣም።»

«ጥሩ ሰው ነህ» አለች ዲንቄ፤ ወደ ውስጥ ገባች።

የሑስና ታናሽ እህት ፋዲላ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እህቷ ታማለች ተብላ ከአቦምሳ የመጣች ገበሬ ናት። ቢኒያም ሐኪሙ መሆኑን ስታውቅ ከምንጣፉ ተነሣች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። «ስደርስ ጣቶቿ ተቆላልፈዋል። ጂን ነው ብዬ ቁርኣን የሚቀራ ሰው አስጠራሁ። ሐኪም ቤት እንውሰዳት ሲሉኝ ነገ እያልኩ አሳደርኳት። ወተቱንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ወተቱን ለምን?»

ፋዲላ ወደ ቢኒያም ጠቆመች። «እሱ ነዋ። ከመከፈቷ በፊት አብሬያት ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ‹ካልሲየም በዝቶብሻል፤ ወተት ቀንሺ› አላት፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። በኋላ ነገሩ እንደ ተገለበጠ ማን ነገረኝ?»

ቢኒያም ግድግዳውን ተደገፈ። ማንም አልነገራትም። በሽታውን ከማውጣቱ በፊት ካልሲየም መርዟ ነበር፤ ካወጣ በኋላ ደግሞ እስትንፋሷ። በሁለቱ መሐል የቆመ ሰው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቦ አያውቅም። ሕመሙን የገለጸበት አፉ ራሱ ገድሏት ይሆን?

«መድኃኒቷን ነክተሻል?» አለች ዲንቄ።

«እሱንማ ሳሊህ ነው የያዘው። የመድኃኒቱን ፌስታል ከመኝታ ቤቷ አስወጥቶ እሱ ጋ ነው ያስቀመጠው። ‹የሐኪም ነገር አትንኪ› ብሎኛል።»

«የመጣሽ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

ዲንቄ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ኤቢሴ ያሳየቻት ጥሪ ከዚያ የቀደመው ቅዳሜ ነበር።

ሱሃይላ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ጓሮ፣ የውሃ በርሜሉ አጠገብ ብቻዋን ቆማ አገኟት። አላለቀሰችም፤ ዓይኗ ግን አንድ ቦታ አይረጋም።

«እማ መድኃኒቱን ትወደው ነበር» አለች። «ከኒናውን ብርጭቆው ውስጥ እሷ ናት የምትጥለው። ሲንተከተክ እያየች ትስቃለች። ‹የሶደሬን ፍል ውሃ ቤቴ ድረስ አመጡልኝ› ትላለች። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በትንሹም በትልቁም መሳቅ ጀምራ ነበር።»

ዲንቄ ቀና አለች። «አጎትሽ ይህን አይቶ ያውቃል?»

«እሱማ መኝታ ቤቷ አይገባም። የባሏ ወንድም ነው፤ እማ ደግሞ በዚህ ነገር ጥብቅ ናት። የሚሰጣትን በር ላይ ሆኖ አቀብሏት ይመለሳል።»

«ሌላ ምን ጀምራ ነበር፣ ከመሳቅ ሌላ?»

ሱሃይላ ወደ ድንኳኑ በኩል አየች፤ ድምፅዋንም ቀነሰች። «ስለ አባቴ መናገር። አባቴ ጠሃ የሞተው በከሰል ጭስ ነው። ብርድ ብርድ ይለው ነበር፤ የተቀጣጠለ ከሰል ክፍሉ ገብቶ በርና መስኮቱ ተዘግቶበት አደረ። ሁሉም ‹ሑስና ናት አስገብታ የረሳችው› አለ። እሷ ያኔ ስሟን እንኳ ትስት ስለነበር አመነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ባሌን ገደልኩት እያለች ስታለቅስ ነው የኖረችው። ባለፈው ሐሙስ ግን እራት ላይ ‹ከሰሉን እኔ አላስገባሁም› አለች። ‹ማን እንዳስገባው አሁን ታየኝ። ለሽማግሌዎቹ ነው የምናገረው።›»

«እራቱ ላይ ማን ነበር?»

«እኔና አጎቴ።»

በዚህ መሐል የቢኒያም ስልክ ጮኸ። የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። ጣቱ ስልኩን ሳይነካው ዘለግ ላለ ጊዜ ጠራ።

«አንሣው እንጂ» አለች ዲንቄ። «ሳትሰማው አይለወጥልህም።»

አነሣው። አዳመጠ። «ድገሚልኝ» አለ፤ አሁንም አዳመጠ። ከዚያ በርሜሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አለ» አለ። «ሆርሞኑ አለ። እጢዎቹ ይሠሩ ነበር።»

«እንግዲያው ኤቢሴን ጥራልኝ» አለች ዲንቄ። «ስትመጣ አንድ ቱቦ ከዚያ ከኒና ይዛ ትምጣ።»

ሳሎኑ ውስጥ አምስቱን ሰበሰበቻቸው፤ ሳሊህን፣ ፋዲላን፣ ሱሃይላን፣ ኤቢሴንና ቢኒያምን። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አቆመች። ሳሊህ ሰዓቱን ደጋግሞ ያይ ነበር።

«መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሐኪሙን ነው» አለች ዲንቄ። «እሱም ራሱን ስለጠረጠረ አላስቸገረኝም። ግን ሑስና ለክትትል ስትሄድ ደህና ነበረች፤ የቀሩት እጢዎቿም ሕያው እንደነበሩ ደሟ መስክሯል። ስለዚህ ያጣችው እጢ አይደለም። መድኃኒት ነው።»

«መድኃኒቱን ጨርሳለች!» አለ ሳሊህ። «ቱቦዎቹን አይታችኋል።»

«ባዶ ቱቦ ነው ያየነው። ባዶ ቱቦ ማን እንዳጎደለው አይናገርም።» ወደ ፋዲላ ዞረች። «አንቺ እህቴ፣ ወተት አስቀርተሻል፤ ሐኪም ቤት ከመሄድም አዘግይተሻል። ይህ ሐዘን ነው እንጂ ወንጀል አይደለም። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት የሆነ ነገር ተበላሽቶ ነበር። ሑስና ቅዳሜ ጠዋት ለሲስተር ደውላለች። ኤቢሴ፣ ምን አለችሽ?»

«‹የዛሬው አልፈላም፤ ልውሰደው?›»

«አንቺ ውሃው መሰለሽ። እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ ውሃው ነው፤ በዚህ ከተማ አልፈላም ከተባለ ውሃ ነው፣ ሻይ ነው። ግን ሴትዮዋ ‹ውሃው› አላለችም። በብርጭቆዋ ውስጥ ሶደሬን ታይ የነበረች ሴት የምትጠይቅሽ ስለ ከኒናው ነበር።»

ኤቢሴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሑስና እንደ ልማዷ ከኒናውን ውሃ ውስጥ ጣለችው፤ እሱ ግን እንደ ድንጋይ ታች ተቀመጠ። ግራ ገባትና ጠየቀች። ‹ይውሰዱት› ተባለች፤ ወሰደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትወስድ የከረመችው ሌላ ከኒና ነው።» ዲንቄ ከኤቢሴ ቱቦውን ተቀብላ አንድ ከኒና አወጣች፤ ከብርጭቆ ውሃ ጋር ሳሊህ ፊት አስቀመጠችው። «ሳሊህ፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም ብለኸኛል። እስቲ ለእኔ እንደ እሷ አድርገህ አቅርብልኝ።»

ሳሊህ ከኒናውን አነሣ፤ ብርጭቆውን በሌላ እጁ ያዘ። ሁለቱንም ዘረጋላት። ዲንቄ አልተቀበለችውም። ከኒናው የጠርሙስ ክዳን ያህል ነበር፤ ሰው የሚውጠው አይመስልም። ያን ጊዜ እሱም አየው።

«ይሄ... በጣም ትልቅ ነው» አለ። «እሰብርላት ነበር። በማንኪያ።»

«ስትውጥም አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

ዲንቄ ከኒናውን ከእጁ ወስዳ ብርጭቆው ውስጥ ጣለችው። ውሃው ነጭ ሆኖ ተንተከተከ፤ አረፋው እስከ ብርጭቆው አፍ ወጣ። ሳሊህ ደንግጦ እጁን ሲሰበስብ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ፤ ውሃው ምንጣፉ ላይም መንተክተኩን አላቆመም።

«ይህን መድኃኒት ስትወስድ በየቀኑ ያየ ሰው አይደነግጥም» አለች ዲንቄ። «ፌስታሉ አንተ ጋ ነበር። ካቋረጠች እንደምትሞት ከሐኪሙ አፍ ሰምተሃል። ሐሙስ ማታ ከሰሉን ማን እንዳስገባ ታየኝ አለች፤ ቅዳሜ ጠዋት ከኒናው አልፈላም። በር ላይ ሆነህ ስላቀበልካት እሷ ውስጥ ምን እንደምታደርገው አላየህም።»

ሳሊህ ወደ ሱሃይላ አየ፤ ከዚያ ወደ መሬት። ሲናገር ድምፁ የሽማግሌ ሆኖ ነበር።

«ከሰሉን ያስገባሁት እንዲሞቀው ብዬ ነው። ጠሃ ወንድሜ ነው፤ ለክፋት አይደለም። በሩን የዘጋሁት ነፋስ እንዳይገባው ነው። ጠዋት ሞቶ ሳገኘው ሰዉ ሁሉ እሷን እያየ ነበር። እሷም ‹እኔ እሆናለሁ› አለች። እኔ ምን ልበል? ዝም አልኩ። ዝም ካልኩ በኋላ መመለሻ አልነበረኝም።» ቀጥሎም እንዲህ አለ፤ «የራስ ምታት ከኒና ነው የሰጠኋት። ሐኪሙ ቀየረልሽ አልኳት። የእሷው መድኃኒት ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከወንበሩ ሥር አለ።»

ፋዲላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ኢንና ሊላሂ» አለች። ፖሊሱ ገባ።

ሬሳው ለቤተሰቡ እንዲሰጥ ዲንቄ በስልክ አዘዘች። ከዚያ ጉልበቷን እያሸች በቢኒያም አጠገብ አልፋ ወጣች።

ቢኒያም እፎይ ማለት ነበረበት። እጁ አልገደለም። ፍርሃቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልወጣም፤ የሴትዮዋን አእምሮ የመለሰላት እሱ ነው፤ የሞተችውም አእምሮዋ ስለተመለሰላት ነው። ይህን በየትኛው የሕክምና ውጤት ሥር ይመዘግበዋል? ሱሃይላ በር ላይ ደረሰችበት።

«ዶክተር፣ ባይከፍቷት ኖሮ ትኖር ነበር?»

መዋሸት ይችል ነበር። «ትኖር ነበር። ኩላሊቷ እስኪደክም።»

«ባሌን ገደልኩ እያለች።»

«አዎ።»

ሱሃይላ የሻርፗን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «እኔም ባለፈው ዓመት ኩላሊትሽ ላይ ጠጠር አለ ተብያለሁ። ወገቤንና እግሬን አጥንቴ ድረስ ያመኛል፤ ማሽን ላይ ከመዋል ነው እል ነበር። በዘር ይመጣል?»

የኩላሊት ጠጠርና የአጥንት ሕመም የዚሁ የእጢ በሽታ ምልክቶች መሆናቸውን ቢኒያም ያውቃል። «አንዳንዱ ይመጣል። በደም ምርመራ ይታወቃል።»

«ቢገኝብኝ የሚከፍቱኝ እርስዎ ነዎት?»

አዲስ አበባ ከእኔ የተሻሉ አሉ ሊላት ነበር። እውነትም አሉ። ሴቶቹ ከውስጥ ስሟን ይጠሩ ጀመር፤ እሷ ግን መልሱን ሳትሰማ አልሄደችም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እንዲህ እየፈሩ?»

«እየፈራሁ።»

ሱሃይላ ፊቱን ጥቂት አጠናችው።

«ሰኞ እመጣለሁ» አለችና እናቷን ወደሚጠብቁት ሴቶች ገባች።